ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለተኛው ረቡዕ

ነቃሁ። ያው አውራ ዶሮ፣ ያው የጎረቤቴ፣
ሦስቴ ጮኾ ያስለዋል፤ ሰምቼዋለሁ ስንቴ!
ሬዲዮው ይለፋል “ዕለቱ ረቡዕ” እያለ፣
ትናንትም ብሎኛል፤ ትናንት ከተባለ።
ቁጥሩን በከሰል ግድግዳው ላይ ብጽፍበት፣
ሲነጋ ነጭ ነው፣ እንደ ተለሰነ ቤት፤
ስለዚህ በጣቴ፣ በጥርሴም ቆጥሬ፣
ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለተኛው ረቡዕ ነው ዛሬ።

ማክሰኞ ቢሆን እኮ ጥብስ ይበላበታል፣
እሑድም ቢጣበቅ ሰው ይተኛበታል፤
እኔን ግን ረቡዕ! ከነጾሙ፣ ከነሽሮው!
ውሃ በሰፈሬ ሐሙስ ነው ተራው፣
ሳልታጠብ እንግዲህ ዓመት ጥቂት ቀረው።
ዕቁቡም ሐሙስ ነው፣ ዕጣውም የኔ ነበር፤
ሐሙስ ግን የለችም። በየት በኩል ልብረር?

መሪጌታ እንየውን ቁስቋም ደጅ አግኝቼ፣
“የምገድፈው መቼ ነው፣ ይህን ሁሉ ጾሜ ሰንብቼ?”
ብላቸው፣ ጃንጥላ አጥፈው ጺማቸውን ዳሰሱ፤
“ረቡዕ ረቡዕ ነው፤ አትቸኩል ለጥብሱ።”
በማግስቱ ጠየቅሁ፤ ያንኑ መለሱ።

ሽሽትም ሞከርኩ። “አዲስ ዘመን” የሚባል ከተማ አለና፣
ስሙን አምኜ ነዳሁ፣ በአዘዞው ጎዳና፤
ማክሰኚት ሻይ ጠጣሁ፣ እንፍራዝን በጨረቃ አለፍኩ፣
አዲስ ዘመን ገብቼ፣ አልጋ ይዤ አረፍኩ።
ስነቃ ቤቴ ነኝ! ባጃጄም ደጄ ላይ፣
ነዳጁ ግን ሙሉ፣ ያለ ወረፋ፣ ያለ ስቃይ!

አስጎብኚው ሸጋው፣ ግንቡ በር የሚውለው፣
“ሰዓትህን” አለኝ፣ “በፈረንጅ ሙላው፤
ስድስት ሰዓት ቀድመህ ሐሙስ ትገባለህ።”
ሞላሁት። ረቡዕ በስድስት ሰዓት ረዘመ። ምን ትላለህ?

እንቅልፍ ነው ተንኮሉ ብዬ ስለጠረጠርኩ፣
ዓይኔን በሚጥሚጣ አሽቼ ተጎለትኩ፤
ሌሊቱ ሲጋመስ አንድ ጊዜ አስነጠስኩ፣
ዓይኔን ብገልጥ ጠዋት። ዶሮው ሳለ። ተረገምኩ።

ቀበሌም ሄጃለሁ። ማመልከቻ አጻፍኩ፣
“ጉዳዩ፦ ወደ ሐሙስ ስለ መዛወር” አስባልኩ፣
ቴምብር ለጥፌ፣ አራት ጉርድ ፎቶ አያይዤ ሰጠሁ፤
ጸሐፊዋ አነበበች፣ ምንም ሳትደነግጥ (ይህን አደነቅሁ)፦
“ሰነድህ ሙሉ ነው፤ ኃላፊው ግን ስብሰባ ላይ ናቸው፤
ነገ ተመለስና ራስህ አናግራቸው።”

ስወጣ ፒያሳ፣ ከበረንዳው ሥር፣
ያው የፔዳል ድምፅ፣ ያ አሮጌ ሲንጀር፣
ጋሽ ነጋ አቀርቅረው ይሰፉ ነበር።
“ዳኘው! የሰፋሁትን ሱሪ ለብሰህ ሠርግ ላይ ጨፈርህ፤
ስድስት መቶ ብሬን እስከ መቼ ቀበርህ?”
“ነገ፣ ጋሽ ነጋ” አልኩ፣ እንደ ልማዴ፤
በመጀመሪያው ረቡዕ ያሉኝ ትዝ አለኝ አንዴ፤
ፔዳሉን አቁመው፣ ክር በጥርስ በጥሰው፣
“ነገን አያሳይህ፣ በነገ ሰው የምትጨርሰው!”

አንድ የቅኔ ተማሪ፣ ቆሎ ሲዘግን ከጉልት ነጋዴዋ ጋ፣
ሳቀና “ነጋ ሳይከፈል” አለ፣ “ነገ እንዴት ይንጋ?”

ኪሴ ገባሁ። ስድስት መቶ፣ አንድም ሳይጎድል፣
ስበላው፣ ስጠጣው ከርሜ፣ ሲነጋ የሚመለስ ዕድል።
ይሄን ግን ብከፍል፣ ሐሙስም ቢመጣ፣
ብሩ አይመለስም፤ ወጣ ማለት ወጣ።

እጄ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

“ጋሽ ነጋ” አልኩ፣ “እስቲ ትንሽ ላስብበት፤
ዛሬ ጾምም አይደል፣ ቸኩዬ እንዳልሳሳት፤
ዝርዝር ይዤ እመጣለሁ፤ ነገ፣ በጠዋት።”

ዶሮው ሳለ።